ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ

የዚህ ወር ጥያቄዎች ከሌላው ጊዜ በዛ ብለዋል። ሁሉንም መመለስ ስላልቻልኩ ገንዘብ የሚያስወጡትን፣ ዕቃ የሚያቃጥሉትንና ትዝታ የሚያጠፉትን አስቀድሜያለሁ። አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስለ ዕቃ ስትጠይቁኝ የፊቱን ሳይሆን የጀርባውን ፎቶ ላኩልኝ። እዚያ ያለችው ደቃቅ ጽሑፍ ግማሹን መልስ ይዛለች።

ጥያቄ፦ ለፋሲካ አዲስ አበባ እገባለሁ። ለእናቴ ብሌንደር፣ ሩዝ መቀቀያና ማይክሮዌቭ ገዝቻለሁ፤ ለእህቴ ደግሞ ጸጉር ማድረቂያ። ጓደኛዬ «አዳፕተር ከያዝሽ ችግር የለውም» አለችኝ። እውነት ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እህቴ፣ እውነት አይደለም። ሻንጣሽን ሳትዘጊ ይህ ቢደርስሽ ደስ ይለኛል።

አዳፕተር የሚቀይረው የስፒናውን ቅርጽ ብቻ ነው። ጠፍጣፋውን የአሜሪካ ስፒና ክብ ቀዳዳ ውስጥ ያስገባዋል፤ በሽቦው የሚመጣውን ኃይል ግን አይነካውም። አሜሪካ ቤትሽ ያለው መብራት 120 ቮልት ነው፣ አዲስ አበባ የሚጠብቅሽ ደግሞ 220። እጥፍ እንኳን አይሞላም ትይ ይሆናል። ሙቀት የሚሰጥ ዕቃ ላይ ግን ነገሩ ይብሳል፣ ምክንያቱም ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ዕቃው የሚስበው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ለ120 ቮልት የተሠራ ባለ 1,500 ዋት ጸጉር ማድረቂያ 220 ላይ ሲሰካ ወደ 5,000 ዋት ለመሳብ ይሞክራል። ውስጡ ያለው ሽቦ እንደ ፍም ይቀላል፣ ሽታ ይመጣል፣ በቃ። አንዳንዴ የቤቱን ብሬከርም ይዞ ይወርዳል።

እና ምን ይደረግ? እያንዳንዱን ዕቃ ገልብጪው። ከታች ወይም ከጀርባ «ኢንፑት» የሚል ጽሑፍ ታገኛለሽ። ከጎኑ 100-240 ካለ ዕቃው የትም አገር ይሠራል፣ ርካሽ አዳፕተር ይበቃዋል። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር፣ የታብሌት፣ የካሜራ ባትሪ መሙያ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል እንዲህ ናቸው። 120 ብቻ ካለ ግን ለአሜሪካ ብቻ ነው ማለት ነው። ብሌንደርሽ፣ ሩዝ መቀቀያሽና ማይክሮዌቭሽ እንዲህ እንደሚሉ እገምታለሁ።

ጸጉር ማድረቂያውን ለብቻው እዪው። ለጉዞ ተብለው የሚሠሩት እጀታቸው ላይ 125 እና 250 የሚል ትንሽ ማዞሪያ አላቸው፣ በሳንቲም ጫፍ የምትዞር። እሷ ካለች ተርፈሻል፤ አዲስ አበባ ስትደርሺ ሳትሰኪው በፊት ወደ 250 አዙሪው። ለእህትሽም አሳያት፣ ምክንያቱም አንቺ ስትመለሺ ዕቃው እሷ ጋ ይቀራል፣ ማዞሪያዋም በእጅ ንክኪ ልትመለስ ትችላለች።

ትራንስፎርመር ልግዛ ወይ ትይ ይሆናል። ከ220 ወደ 110 የሚቀንሰው አለ፣ ይሠራልም። ግን ዋጋውንና ክብደቱን አስቢ። ለ1,500 ዋት ዕቃ የሚሆን ትራንስፎርመር በውስጡ የመዳብ ጥቅልና ብረት የተሞላ ስለሆነ አንድ ሰው ከመደርደሪያ ሲያወርደው እጁን የሚያስጨንቅ ዕቃ ነው። ቀላል ከሆነ ተጠራጠሪ። እኔ ራሴ የደረሰብኝ ስለሆነ ነው የምነግርሽ። ወንድሜ የላከልንን የአሜሪካ ማይክሮዌቭ ለማሠራት ከአንድ ሱቅ 2,000 ዋት የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ትራንስፎርመር ገዛሁ። በአንድ እጄ አንጠልጥዬው ነው ቤት የገባሁት። በሦስተኛው ቀን ሾርባ ስናሞቅ የተቃጠለ ቀለም ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ስነካው ሳጥኑ እንደ ብረት ምጣድ ይፋጃል። ቶሎ ባንነቅለው ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ አልፈልግም፣ እናቴ ሳሎን ተኝታ ነበር።

ማይክሮዌቭ ላይ ሌላም ችግር አለ። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ ማለት በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ የኢትዮጵያ 50። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ማይክሮዌቭ 50 ላይ ከሚገባው በላይ ይሞቃል። ጊዜውን ከመብራቱ ኸርዝ የሚቆጥር የአሜሪካ የግድግዳ ሰዓት ደግሞ አዲስ አበባ ላይ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። በፊት «ሰዓቱ ተበላሸ» ብዬ የጣልኩት ዕቃ ነበር፣ ምክንያቱን ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው።

ስለዚህ የምመክርሽ ይህን ነው። ደረሰኙ ካለሽ ሦስቱን መልሺ። ብሌንደሩንና ሩዝ መቀቀያውን አዲስ አበባ ላይ ባለ 220 ግዢላት፤ ሲበላሽም መለዋወጫ ይገኝለታል። በሻንጣው ቦታ 100-240 የሚለውን ያዢ።

በተቃራኒው ለሚጠይቁኝም በዚያው ልመልስ። የአዲስ አበባን የኤሌክትሪክ ምጣድ አሜሪካ ወስዶ ተራ ሶኬት ላይ መሰካት አያቃጥለውም፣ ግን ከጉልበቱ አንድ ሦስተኛ እንኳን አይሰጥም። 3,500 ዋት የነበረው ምጣድ አንድ ሺህ ዋት ገደማ ላይ ይቀራል። ሊጡ ይደርቃል እንጂ ዓይን አያወጣም። እዚያው አገር ለ120 ቮልት የተሠራ ምጣድ ይሸጣል፣ እሱን ግዙ።

ጥያቄ፦ የዲሽ ሪሞቴ መሥራት አቆመ። ባትሪ ቀየርኩ፣ እምቢ አለ። የተበላሸው ሪሞቱ ይሁን ሪሲቨሩ እንዴት ልወቅ? (ከአዳማ)

መልስ፦ የስልክህን ካሜራ ክፈት፣ የራስህን ፎቶ እንደምታነሳ የፊቱን። የሪሞቱን አፍንጫ፣ ማለት ያችን ትንሽ ብርጭቆ መሳይ አምፖል፣ ወደ ካሜራው አዙርና ማንኛውንም ቁልፍ ተጭነህ ያዝ። ስክሪኑ ላይ ሐምራዊ ወይም ነጣ ያለ ብርሃን ብልጭ ብልጭ ካለ ሪሞቱ ይሠራል፣ ችግሩ ሪሲቨሩ ላይ ነው። ምንም ካልታየህ ሪሞቱ ነው። ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን ካሜራው ስለሚያየው ነው። ከኋላ ያለው ካሜራ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይህን ብርሃን የሚያጣራ መስታወት ስላለ ላይታይህ ይችላል፤ ለዚህ ነው የፊቱን ያልኩህ። መጀመሪያ ደህና መሆኑን በምታውቀው ሪሞት ሞክረው፣ ስልክህ ማሳየት መቻሉን ታረጋግጣለህ።

ሪሞቱ ሆኖ ከተገኘ ለመጣል አትቸኩል። የባትሪው ቤት ውስጥ ያሉትን ሽቦዎች እይ። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካለ በሎሚ ወይም በኮምጣጤ የረጠበ ጥጥ ጠርገህ አድርቀው። ግማሹ ሪሞት በዚህ ይነሳል።

ጥያቄ፦ ባለ 2 ቴራባይት ፍላሽ በ1,200 ብር ገዛሁ። ኮምፒውተሩም 2 ቴራ ብሎ ያሳያል። የእህቴን ሰርግ ቪዲዮና ፎቶ ሁሉ እሱ ላይ ገልብጬ ከላፕቶፑ አጠፋሁት። አሁን ፋይሎቹ ስማቸው አለ፣ ግን ሲከፈቱ ባዶ ናቸው። ምን ላድርግ? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከልቤ አዝናለሁ። በመጀመሪያ አስቸኳዩን ልንገርህ። ፍላሹ ላይ ምንም ተጨማሪ ነገር አትጻፍ። ላፕቶፑም ላይ እንዲሁ፤ ፊልም አታውርድበት፣ ፕሮግራም አትጫንበት፣ የተጠፋው ፋይል ቦታ በሌላ እስኪሞላ ድረስ አሁንም እዚያው ሊኖር ይችላልና። «ፎቶሬክ» የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ የጠፉ ፎቶና ቪዲዮዎችን ከዲስክ ይለቅማል። ከሌላ ኮምፒውተር ላይ አውርደው፣ የሚያገኘውንም ላፕቶፑ ላይ ሳይሆን ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጥ። የላፕቶፕህ ዲስክ አሮጌው የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ተስፋህ ጥሩ ነው፤ ኤስኤስዲ ከሆነ ግን ያነሰ ነው፣ ምክንያቱም ኤስኤስዲ የተጠፋውን ቶሎ ያጸዳል። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ለፎቶግራፈሩ ደውል። ብዙዎቹ ዋናውን ፋይል ለተወሰነ ጊዜ ያቆያሉ፤ ዛሬውኑ ደውል።

አሁን ስለ ፍላሹ። ውስጡ ያለው እውነተኛ ቦታ 32 ወይም 64 ጊጋ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ወይም ፋብሪካው የፍላሹን ትንሽ መቆጣጠሪያ ቺፕ «2 ቴራ ነኝ» ብሎ እንዲዋሽ አድርጎታል። ኮምፒውተሩ የሚያምነው ቺፑን ነው። ስትገለብጥ መጀመሪያ የገባው ደህና ይቀመጣል፤ እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ግን ቺፑ «ተቀበልኩ» እያለ የሚመጣውን ይጥለዋል ወይም ከመጀመሪያው ላይ ይደርበዋል። የፋይሉ ስም ይጻፋል፣ ፋይሉ ግን የለም። እንደ መጋዘን ነው፤ በደብተር ላይ 100 ኩንታል ጤፍ ገባ ተብሎ ተመዝግቧል፣ ቤቱ ግን 3 ኩንታል ብቻ ነው የሚይዘው።

ለወደፊቱ ማንኛውንም ፍላሽ ወይም ሜሞሪ ካርድ ስትገዛ፣ ውድም ቢሆን፣ መጀመሪያ ፈትነው። ዊንዶውስ ላይ «ኤች ቱ ቴስት ደብሊው» የሚባል ትንሽ የጀርመኖች ፕሮግራም አለ፣ በነጻ። ፍላሹን በሙከራ ጽሑፍ እስከ ጫፉ ይሞላዋል፣ ከዚያ መልሶ ያነበዋል፣ ያልተገኘውንም ይነግርሃል። ጊዜ ይወስዳል፤ ማታ አስጀምረህ ተኛ። ፕሮግራሙ ከሌለህ ትልቅ ፊልም እየደጋገምክ ገልብጠህ ሙላው፣ ነቅለህ መልሰህ ሰካውና የመጀመሪያውንም የመሃሉንም የመጨረሻውንም ክፈት። ሦስቱም ከሠሩ ደህና ነው።

አንድ ነገር ግን ማጭበርበር እንዳይመስልህ። ባለ 64 ጊጋ ፍላሽ ዊንዶውስ ላይ 59 ገደማ፣ ባለ 1 ቴራ ዲስክ 931 ብሎ ቢያሳይ ትክክል ነው። ፋብሪካው በሺህ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1,024፤ ልዩነቱ ከዚያ ነው የመጣው።

ጥያቄ፦ ጎንደር ላሉት አባታችን ስማርት ስልክ ገዛንላቸው። ሰዓቱን ግን በፈረንጅ ስለሚያሳይ ግራ ይገባቸዋል፤ «ስልኩ ውሸታም ነው» ብለው የእጅ ሰዓታቸውን ነው የሚያዩት። በእኛ ሰዓት እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይቻላል እህቴ፣ ምንም ሳትጭኚ። ይህን ሳገኘው የተሰማኝን ደስታ ልነግርሽ አልችልም።

የእኛ ሰዓት ከፈረንጁ በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ጠዋት 8 ሰዓት የሚሉት ለእኛ 2 ሰዓት ነው። አሁን የዓለምን ካርታ አስቢና ከአዲስ አበባ በትክክል 6 ሰዓት ወደ ኋላ የሆነ ከተማ ፈልጊ። ቦነስ አይረስ! የአርጀንቲና ዋና ከተማ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ከእኛ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ኢትዮጵያ በበጋና በክረምት ሰዓት አትቀይርም፤ አርጀንቲናም እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ አትቀይርም። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን ቦነስ አይረስ ላይ ያለ ሰው የእጅ ሰዓት 2፡00 ይላል።

የስልኩን ሰዓት ክፈቺ፣ የዓለም ሰዓት የሚለው ውስጥ ግቢ፣ ቦነስ አይረስን ጨምሪ። ከዚያ የስልኩን ፊት ስክሪን ባዶ ቦታ ተጭነሽ ያዢና ዊጄት ውስጥ የሰዓት ዊጄት አውጪ፣ ከተማውን ቦነስ አይረስ አድርጊው። ሳምሰንግ ላይ «ዱዋል ክሎክ» ይባላል፣ ሁለት ከተማ ጎን ለጎን ያሳያል፤ በሌሎቹ ስሙ ይለያያል። ሰዓቱ በ12 ሰዓት አቆጣጠር መሆኑን እዪ። ከዚያ ሌላ ደስ የሚል ነገር ታያለሽ። «ኤኤም» የሚለው ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12፣ ማለት የእኛ ቀን ይሆናል፤ «ፒኤም» የሚለው ደግሞ የእኛ ሌሊት።

ስልኩን ለጥሪ ብቻ የሚጠቀሙ ከሆነ የስልኩን የጊዜ ክልል ራሱ ቦነስ አይረስ ማድረግም ይቻላል፤ አውቶማቲክ የሚለውን ታጠፊና ከተማውን ትመርጫለሽ። ያን ጊዜ ትልቁ ሰዓት ራሱ በእኛ ይሆናል። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ብቻ ቀኑ የትናንቱን ያሳያል፣ እሱም ለእሳቸው እንግዳ አይሆንባቸውም፤ ሳይነጋ ነገ የሚባለው በፈረንጅ ነው። ሰዓቱን ግን በእጅ ወደ ኋላ እንዳታደርጊው። የጊዜ ክልል መቀየርና ሰዓት ማዛባት የተለያዩ ናቸው። ሰዓቱ በእውነት ከተዛባ ድረ ገጾች ላይከፈቱ፣ የገንዘብ መተግበሪያዎችም «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ እምቢ ሊሉ ይችላሉ።

ውጭ አገር ያላችሁም ተጠቀሙበት። ዋሽንግተን ሆኖ «አሁን አገር ቤት ስንት ሰዓት ነው?» ለሚለው አንዴ 7 አንዴ 8 እየደመሩ ከዚያ 6 ከመቀነስ ቦነስ አይረስን ማየት ይቀላል። እናታችሁ «በ3 ሰዓት ደውልልኝ» ካለች እሱ 3 ሲል ደውሉ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። ለእረፍት አገሬ ስገባ 50,000 የሚል ፓወር ባንክ ለወንድሜ ይዤለት መሄድ እችላለሁ? መብራት በጣም ይጠፋባቸዋል። (ከዱባይ)

መልስ፦ በሻንጣ አይቻልም፣ በእጅም አይቻልም። ምክንያቱን ልንገርሽ።

አውሮፕላን ላይ የሚቆጠረው ሚሊ አምፒር ሰዓት ሳይሆን ዋት ሰዓት ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ቁጥሩን በ3.7፣ ማለት በባትሪው ቮልት፣ አባዢና ለ1,000 አካፍይ። 10,000 የሚለው 37 ይሆናል፣ 20,000 የሚለው 74። እስከ 100 ድረስ በእጅ ሻንጣ ይፈቀዳል። ከ100 እስከ 160 አየር መንገዱን ማስፈቀድ ይጠይቃል። ከዚያ በላይ ክልክል ነው። ያንቺ 185 ይመጣል። ወደ ጭነት በሚገባ ሻንጣ ውስጥ ደግሞ ፓወር ባንክ በምንም መጠን አይገባም፣ ባትሪው ቢቀጣጠል እዚያ የሚያይ ሰው ስለሌለ። ኤሚሬትስ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለአንድ ሰው አንድ ፓወር ባንክ ብቻ ነው የሚፈቅደው፣ በረራ ላይ መጠቀምም ከልክሏል።

ደግሞ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ቀጭን ዕቃ ላይ 50,000 ተጽፎ ካየሽ አትመኚው። እውነተኛ ባለ 10,000 ወደ 200 ግራም ይመዝናል፣ ባለ 20,000 እጥፉን ገደማ። ባለ 50,000 እውነት ቢሆን አንድ ኪሎ ይጠጋ ነበር። ኤርፖርት ላይ ግን ውሸትም ይሁን እውነት የሚታየው ጽሑፉ ነው፤ 50,000 ካለ ይወሰዳል። ጽሑፉ የተፋቀ ወይም የሌለው ከሆነም ይወሰዳል።

ለወንድምሽ የታወቀ ፋብሪካ ያመረተውን ባለ 20,000 ግዢለት። ከዚያ የሚወጣው ሙሉው 20,000 አይደለም፣ ቮልቱን ከ3.7 ወደ 5 ሲያሳድግ የሚባክን አለ፤ ባለ 5,000 ባትሪ ያለውን ስልክ ሦስት ጊዜ ያህል ይሞላለታል። መብራት በሚጠፋበት ቤት ይህ ሁለትና ሦስት ቀን ነው።

ጥያቄ፦ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። በ1996 ዓ.ም. የተተየበው መተዳደሪያ ደንባችንና የአባላት መዝገባችን በሲዲ ነበር። ልጄ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ሲከፍተው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆነ። ፋይሉ ተበላሽቶ ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ አይዞዎት፣ አልተበላሸም። እንዲያውም ይህን ጥያቄ ከሁሉም በላይ መመለስ የምፈልገው ነው፣ ምክንያቱም በዚህ ምክንያት ስንት የእድር መዝገብ፣ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ «ተበላሽቷል» ተብሎ እንደተጣለ ሳስብ ያመኛል።

የሆነው ይህ ነው። በዚያን ጊዜ በብዛት የምንጽፈው በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሳሰሉት ነበር። ኮምፒውተሩ የአማርኛ ፊደል አያውቅም። ስለዚህ እነዚህ ፕሮግራሞች የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ተበደሩ፤ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የእንግሊዝኛ ቁጥር ነው፣ ፎንቱ ደግሞ ላዩ ላይ የ«ሀ» ወይም የ«መ»ን መልክ ያለብሰዋል። ፎንቱ ከሌለ ልብሱ ይወልቃል። ነገሩን ያወሳሰበው ደግሞ የፊደላችን ብዛት ነው። 33 ጊዜ 7፣ 231 ፊደል አለን፣ ዲቃላዎቹን፣ ቁጥሮቹንና ነጥቦቹን ሳንጨምር። አንድ ፎንት የነበረው ቦታ 256 ብቻ፣ ከዚያም ላይ የማይነካ አለ። ስለዚህ አንዳንዱ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለው፣ አንዳንዱ አካሉንና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀመጠው። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ አሠራር ነበረው። የኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቋሚ ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ነው፣ ዩኒኮድ ማለት የዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ የቁጥር መዝገብ ነው፤ እኛ አገር ግን አሮጌዎቹ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ቆይተዋል። የእርስዎ መዝገብ ከእነሱ አንዱ ነው።

አሁን በቅደም ተከተል። መጀመሪያ ሲዲውን እንዳለ ኮምፒውተር ላይና ፍላሽ ላይ ይገልብጡት፤ ሲዲ ያረጃል። ከዚያ ቅጂውን በወርድ ይክፈቱ። ዝብርቅርቁ ላይ አንዴ ይጫኑና ከላይ የፎንት ስም የሚታይበትን ሳጥን ይመልከቱ። የፎንቱ ስም እዚያ አለ፣ ይጻፉት። ጥቂት መስመሮች ወርደውም ይመልከቱ፣ ሁለተኛ ስም ሊኖር ይችላል። አደራ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ሁሉንም መርጠው ፎንቱን ወደ ኒያላ ወይም ሌላ አዲስ ፎንት አይቀይሩት። ጽሑፉ አይስተካከልም፣ ይልቁንም የትኛው ፊደል በየትኛው ፎንት እንደነበረ የሚናገረው ምልክት ይጠፋል። ያን ጊዜ ነው በእውነት የሚበላሸው።

የዚያን ፎንት ፋይል ከአሮጌ ኮምፒውተር ወይም ጽሕፈት ቤት ካለው ሰው አግኝተው ሲጭኑት አማርኛው ይመለሳል። በደሴ የቆየ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ አሁንም አሏቸው። እንደተመለሰ ወዲያው ፒዲኤፍ አድርገው ያስቀምጡ፣ ፒዲኤፉ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ የትም ይነበባል።

ማስተካከልና መጨመር ከፈለጉ ግን ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት። የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በነጻ ያቀረበው የወርድ ሰነድ መቀየሪያ አለ፣ ልጅዎ ፈልጎ ያወርደዋል፤ መጀመሪያ ፋይሉን በአዲሱ የወርድ ዓይነት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከተቀየረ በኋላ ከፒዲኤፉ ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡት፣ በተለይ ስሞችንና የገንዘብ መጠኖችን። የእድር መዝገብ ነውና አንድ ስህተት ሰው ያጣላል።

መቀየሩን ማረጋገጥ ደግሞ ቀላል ነው። አንድ ቃል ቀድተው ቴሌግራም ላይ ይለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከመጣ ዩኒኮድ ነው።

ጥያቄ፦ ስልኬ ሞልቷል፣ ፎቶ ማንሳት አልቻልኩም። ፎቶዎቼን አጠፋሁ፣ አሁንም ሙሉ ነው ይላል። (ከጅማ)

መልስ፦ ፎቶዎችህን አታጥፋ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ቴሌግራም ነው። የምትከፍተው ቻናል ሁሉ የሚለቀውን ፎቶና ቪዲዮ እያወረደ ስልክህ ላይ ያስቀምጠዋል። ሴቲንግስ፣ ከዚያ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ከዚያ ስቶሬጅ ዩሴጅ ግባ። ቁጥሩ 10 እና 20 ጊጋ ሆኖ ያየሁባቸው ስልኮች አሉ። «ክሊር ካሽ» የሚለውን ስትጫን ከስልክህ ይጠፋል እንጂ ከቴሌግራም አይጠፋም፤ ስትፈልገው መልሶ ይወርዳል። ሲወርድ ግን ፓኬጅህን ይበላል፣ ስለዚህ በየቀኑ የምትሰማው መዝሙር ወይም ዘፈን ካለ ሙዚቃ የሚለውን ምልክት አንሳና የቀረውን አጽዳ። የቻናሉ ባለቤት ያጠፋው ነገር ደግሞ ተመልሶ አይወርድም፤ የምትሳሳለትን ቀድመህ ወደ ሴቭድ መሴጅስ ላከው። ሲክሬት ቻት የምትጠቀም ከሆነ እዚያ ያለው ስልክህ ላይ ብቻ ስለሆነ ከማጽዳትህ በፊት የምትፈልገውን አውጣ።

ከዚያ እዚያው ገጽ ላይ «ኪፕ ሚዲያ» የሚለውን ለቻናሎች አጭር ጊዜ አድርገው። አንድ ገጽ ተመለስና በሞባይል ዳታ ራሱ እንዳያወርድ ኦቶ ዳውንሎዱን ዝጋው። የአጠፋሃቸው ፎቶዎችም ጋለሪህ ውስጥ «ትራሽ» ወይም «ሪሰንትሊ ዲሊትድ» በሚለው ቦታ ብዙ ጊዜ 30 ቀን ይቆያሉ። ስልክህ አሁንም ሙሉ ነው ያለህ አንዱ ምክንያት እሱ ነው፤ ቶሎ ግባና የምትፈልጋቸውን መልሳቸው።